ለሦስት አፍ የተሰፈረ ማሽላ

ስሞቹን በላጲስ እያጠፋሁ በቦታቸው ቁጥር እተካ ነበር። «ስርጉት» ጠፍቶ «ሚ7» ሆነ። ከጎኑ፣ ባሏን ገና በዓይኔ ሳላየው፣ «ባ7» ብዬ ጻፍኩ። ሚ ለሚስት፣ ባ ለባል። የላጲሱን ብናኝ በመዳፌ ጠርጌ ወደ መሬት አራገፍኩና ወደ ስምንተኛዋ ሴት አለፍኩ።

ውጭ ዝናቡ ቆሞ ነበር። ሽንፋ በነሐሴ ዝናቡ ሲቆም ጭቃው ይቀራል። ከተከራየኋት ክፍል እስከ ኅብረት ሥራው መጋዘን ለመድረስ ጫማዬን ሁለት ጊዜ በእንጨት መፋቅ ነበረብኝ። የወንዶቹ ውይይት በአራት ሰዓት ነው። ዝርዝሩን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩና ተነሣሁ።

መተማ ዮሐንስ አስተማሪ ነኝ። በየክረምቱ ጎንደር እየወጣሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ቆይቼ፣ ዘንድሮ የቀረኝ የመመረቂያ ጥናቱ ብቻ ነበር። ጥናቱ ስለ ባልና ሚስት ነው፤ ቤት ውስጥ ማን ይወስናል፣ ማን ዝም ይላል፣ ዝም ያለውስ ምን ያደርጋል። አማካሪዬ ዶክተር ኤልሳቤጥ ንድፉን አራት ጊዜ መልሳልኛለች። በመጀመሪያው ላይ «መልሱን አስቀድመሽ አውቀሽ የምትጠይቂ ይመስላል» ብላ ጻፈችበት። በአራተኛው ላይ እንዲህ አለችኝ፤

«ስለ ራሳቸው ትዳር ፊት ለፊት ከጠየቅሻቸው ለእንግዳ የሚቀርበውን መልስ ነው የሚሰጡሽ። አንዲት አጭር የፈጠራ ታሪክ አዘጋጂ። ስለ ሌላ ባልና ሚስት የሚያወሩ እየመሰላቸው ስለ ራሳቸው ያወራሉ።»

ስለዚህ ንድፉ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ሚስቶችን ለየብቻ አነጋግራለሁ። ከነገሩኝ ተነሥቼ ታሪኩን እጽፋለሁ። ታሪኩ ለወንዶች ቡድን ይነበባል፤ የሚያነበውም ወንድ ይሆናል። በመጨረሻ ባሎቹን ለየብቻ አነጋግራለሁ። አንድ ደንብ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ነበር፤ ያነጋገርኳት ሴት ባል ቡድኑ ውስጥ አይገባም።

ስርጉትን ያነጋገርኳት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፣ ጓሮዋ ውስጥ በቆሎ ስትኮተኩት። ብንቀመጥ ይሻላል ብላት «ቁጭ ካልኩማ እንቅልፍ ይወስደኛል» አለችኝ። የስምምነት ቅጹን አነበብኩላትና አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ትንሿን የድምፅ መቅጃ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻትና አንገቷ ሥር ሸጎጠቻት።

«ባለቤትሽ እርሻ ሲወርድ የቤቱን እህል የሚያዝበት ማነው፣ እትዬ ስርጉት?»

«እሱ ነዋ።»

«እሱ ከሌለስ?»

«እጁ አለ» አለችና ሳቀች።

ባሏ ፈረደ ለሰሊጡ አረም ወደ እርሻው ሲወርድ ሦስትና አራት ሳምንት አይመለስም። ከመሄዱ በፊት ከጎተራው ማሽላ ሰፍሮ ያወጣላታል። የቀረውን ፊቱን ይደለድልና፣ ነቀዝ እንዳይገባው አመድ ይነሰንስበታል። ከዚያ በአመዱ ላይ የቀኝ መዳፉን ተጭኖ ያትማል። ጠቋሚ ጣቱን የትራክተር ቀበቶ ቆርጦበታል፤ ስለዚህ ያ ማኅተም የሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

«ለሦስት አፍ ሰፍሮልኝ ይሄዳል» አለች፤ «ለኔና ለሁለቱ ልጆቼ። እኛ ግን አምስት ነን።»

ሁለቱ ትርፍ አፎች የእህቷ የታይቱ ልጆች ናቸው፤ አለምነሽ አሥር ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ባየልኝ ሰባት። ታይቱ «ለሦስት ወር ያዢልኝ» ብላ በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ለሥራ ተሻገረች። ወዲያው እዚያ ጦርነቱ ተነሣ። ይሄው ሦስተኛ ክረምት ስልኳ አይጠራም።

«ፈረደ ምን አለ?»

«ምንም። ግቡም አላላቸው፣ ውጡም አላላቸው። ሲሰፍር ብቻ አይቆጥራቸውም።»

መኮትኮቻዋን ጥላ ተንበረከከችና እርጥቡን አፈር በእጇ ደለደለች። ጠቋሚ ጣቷን ወደ ውስጥ አጠፈች። መጀመሪያ የመዳፏን ሥር ተጫነች፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ አወዛወዘችው፣ እንዲሰፋ። እጇን ስታነሣ አፈሩ ላይ የአንድ ትልቅ ሰው እጅ ነበር፣ አንድ ጣት የጎደለው።

«የሚጎድለንን ዛቅ አድርጌ፣ ፊቱን ደልድዬ እንዲህ አትምበታለሁ። አመድ ይሻላል፤ ጭቃ ያስቸግራል።»

«ያውቅ ይሆን?»

«እንጃ» አለች። «ቢያውቅ ይናገር የለ?» ማኅተሙን በእግሯ አብሳ ተነሣች።

የዚያን ሳምንት ታሪኩን ጻፍኩ። ስሞቹን ቀየርኩ። የእህት ልጆች የወንድም ልጆች ሆኑ። ሽንፋን «አንድ ቆላ ቀበሌ» አልኩት። የጎደለውን ጣት አወጣሁት። መዳፉንም ላወጣው ሞክሬ ነበር፤ በሱ ፈንታ ቁልፍ አስገባሁ፤ ባልየው ጎተራውን ቆልፎ ሄደ። አነበብኩት። ባል ሁሉ የሚቆልፈው ዓይነት ቁልፍ ነበር፤ ታሪኩ ሞተ። መዳፉን መለስኩት። የማንም መዳፍ ሊሆን ይችላል አልኩ ለራሴ።

ለዶክተር ኤልሳቤጥ ላክሁላት። «በጣም ጥሩ። ከየት አገኘሽው?» ብላ መለሰችልኝ።

«ከብዙ ሴቶች ቃል አጣምሬ» ብዬ ጻፍኩላት።

መጋዘኑ ስደርስ ንብረት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ንብረት የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሰዎቹን የሚሰበስበውም ታሪኩን የሚያነበውም እሱ ነው።

«ማስቴ፣ ስምንት ሰው አይደል ያልሽው? ስምንት አድርጌልሻለሁ» አለኝ። «ሦስቱ እርሻ ስለወረዱ በነሱ ቦታ ከተማ ያገኘሁትን ተካሁ።»

«እነማን ናቸው የተተኩት?»

«ገብተዋል፣ እያቸው፤ ሁሉም ባለትዳር ናቸው።»

ወንዶቹ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ ቁልል ላይ ተቀምጠዋል። ደንቤን አስታውሼዋለሁ። ደንቡን ለማጣራት አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ እያንዳንዱን ወንድ በሌሎቹ ፊት የሚስቱን ስም መጠየቅ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በወንዶች መሀል አይጠየቅም፣ ያውም በአንዲት ወጣት ሴት። ወረቀት ላይ ስጽፈው ይህን አላሰብኩትም ነበር። አንድ በአንድ ወደ ውጭ ልጥራቸውስ? ስምንት ጥንድ ዓይን ያየኛል።

«ሁላችሁም ፈቃደኛ ናችሁ?» አልኩ።

«ተማም!» አሉ፣ በሱዳኖቹ ቃል።

በሩ አጠገብ ተቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ። ንብረት ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። ጥሩ ያነባል። ባልየው እህሉን ሰፈረ። ፊቱን ደለደለ። አመዱን ነሰነሰ። «በአመዱም ላይ መዳፉን አትሞ ወደ እርሻው ወረደ።»

ያኔ ነው ያየሁት። ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠ ጠይም ሰው ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሊጠጣ እጁን አነሣ። ጠቋሚ ጣቱ የለም።

ንብረት ገጹን እስኪገልጥ ጊዜ ነበረኝ። «ቆይ ንብረት፣ ወረቀቱ ተሳስቷል» ማለት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ወንድ እያነበበ፣ ወንዶች እየሰሙ፣ አቋርጬ አላውቅም። እስክሪብቶዬን አጥብቄ ያዝኩ። ንብረት ገጹን ገለጠ።

ሚስቲቱ መሰላል ላይ ወጣች። ጣቷን ሳይሆን መዳፏን ብቻ ነበር የጻፍኩት፤ እንዴት እንደተጫነች፣ እንዲሰፋ እንዴት እንዳወዛወዘችው። «ባልየውም ሳያውቅ ኖረ» ብሎ ንብረት ጨረሰ።

መጀመሪያ የሳቀው ጌች የሚባለው የትራክተር ሹፌር ነው። «ይቺ ሴትዮማ የቀበሌው ማኅተም ቢሰጣት መታወቂያ ለሁላችን ታድለን ነበር!»

«ምን ያስቃል?» አሉ አቶ ስሜነህ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት። «ሚስቱን ካላመነ ምን ሊሆን አገባት?»

«ጋሽ ስሜነህ፣ የርስዎ ቤት ቁልፍ የት ነው የሚያድረው?» አላቸው አንዱ። መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። እሳቸውም ሳቁ።

ጌች ግን ሳቁን አቋርጦ ወደ ጥጉ ዞረ። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የፈረደ አይደለም እንዴ? አምና እህል ስናስገባለት አመዱ ላይ እጁን ሲጭን በዓይኔ አይቻለሁ! ምን ታደርጋለህ ስለው ለነቀዝ ነው አለኝ። ፈረደ! ነቀዙ ለካ እቤትህ ነው!»

ከመጀመሪያው የበለጠ ተሳቀ። ንብረት ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ።

ፈረደ ፈገግ ብሎ ነበር። እጁን አልደበቀም። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ ማየት የፈለገ እንዲያይ። ሳቁ ሲያልቅ ዝግ ባለ ድምፅ ንብረትን ጠየቀው፤

«ወረቀቱ ሰውየው አያውቅም ነው የሚለው?»

«አዎ። ሳያውቅ ኖረ ይላል።»

«አያውቅም ያለው ማነው?»

 ጌች ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀምሮ ነበር። እኔ ቃሉን እንደወረደ ጻፍኩት፣ ከጎኑም ኮከብ አደረግሁበት። ሽንፋ ከገባሁ ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ የተሻለው ቃል ነበር። 

ሰዎቹ ሲበተኑ ታሪኩን ከስርጉት የሰማሁት መሆኑን ለንብረት ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘ።

«ወይኔ ማስቴ! የስርጉት ባል መሆኑን እያወቅሽ? ለምን አላስቆምሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

 ተነሥቼ ወደ ስርጉት ልሄድ ስል ክንዴን ያዘኝ። «ዛሬ አትሂጂ። አሁን ብትሄጂ አንቺና እሷ የመከራችሁበት ይመስለዋል። ለአረም ሳሉጌ፣ የወቅት ሠራተኛ፣ ሊቀጥር ነው የመጣው፤ ሠራተኞቹን ይዞ ጠዋት ወደ እርሻው ይመለሳል። ፈረደ እጁን ሰው ላይ አያነሣም። ያከረረውን ነገር ግን አያላላም።»

በማግስቱ ማለዳ ሄድኩ። የጎተራው ክዳን ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መሰላሉ ቆሟል። አለምነሽና ባየልኝ የታጠበ ልብስ ለብሰው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ጫማ አድርጋለች። ባለፈው ስመጣ ባዶ እግሯን ነበረች።

ስርጉት ከቤት ጆንያ ይዛ ወጣች። አየችኝ።

«መጣሽ?»

«እትዬ ስርጉት፣ አጠፋሁ። እኔ …»

«ተቀመጪ አልልሽም።»

«መታሽ?»

«አልነካኝም። ቢመታኝ ሽማግሌ እጠራ ነበር። ለሽማግሌ የሚነገር ነገር አይደለም ያደረገው።» ጆንያውን አራገፈችው፤ የቆየ አቧራ ወጣ። «ገባ። መሰላሉን አቆመ፣ ክዳኑን አነሣ። ነይ ውጪ አለኝ። ወጣሁ። አትሚ አለኝ። አተምኩ። የሱንም ከጎኑ አተመ። ሁለቱን እያየ ቆየ ቆየና፣ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አውራ ጣትሽ አጭር ናት አለኝ።»

ጆንያውን መሬት ላይ ዘረጋችው።

«አውቀህ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ወንድሙ ሙሉአለም የዚያን ዓመት ልጁን ያዝልኝ ብሎ ለምኖት፣ እህል የለኝም ብሎ መልሶት ነበር። የሥጋዬን ልጅ መልሼ የእህትሽን ልጆች ሰፍሬ ብቀልብ ምን እባላለሁ አለኝ። አንቺ ከሰረቅሽኝ ግን እኔ ምን አውቃለሁ! ለዚህ ነበር የማትመው። አልሰጠሁም፣ አልከለከልኩም አለ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ትናንት ከሰዓት ሙሉአለም ደወለ። ሰምቷል። ጎተራህ በሴት እጅ ሲገለበጥ ይከርማል፣ ለኔ ልጅ ሲሆን ነው ወይ የጠበበው አለው። እንግዲህ ልጆቹ ይሄዳሉ።»

«የት?»

«አብርሃ ጅራ፣ የአባታቸው ወንድም ጋ። የጭነት መኪና አለ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።»

«ልጆቹን ያውቃቸዋል?»

«ባየልኝን ሲወለድ አይቶታል።»

ልጅቷ ትሰማን ነበር። የወንድሟን ሸሚዝ ቁልፍ ፈትታ መልሳ ቆለፈች።

«ፈረደን እርሻው ድረስ ሄጄ ላናግረው» አልኩ። «አቶ ሙሉአለምንም። ታሪኩ የፈጠራ ነው፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት እላቸዋለሁ።»

«ስታስነብቢውስ የፈጠራ ነው አላላችሁም? ማን አመናችሁ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ። «ያን ቀን ያውቅ ይሆን ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንጃ አልኩሽ። እኔ እንጃ ብዬ ነበር የምኖረው። እሱም እንደዚያው። ለልጆቹ የሚሆን ቦታ እዚያ ውስጥ ነበር።»

ይህንን እንዳልጽፈው ደብተሬን ከጀርባዬ ያዝኩት።

«ያነበብሽልኝ ወረቀት» አለች፤ «ያተምኩበት። ከተጸጸትሽ በፈለግሽ ጊዜ መተው ትችያለሽ ይል አልነበር?»

«ይላል።»

«ድምፄን መልሺልኝ።»

መቅጃውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሚ7 የሚለውን ፈልጌ ላጠፋው ስል «መጀመሪያ አሰሚኝ» አለች። ከፈትኩት። የመኮትኮቻው ድምፅ፣ ዶሮ፣ የኔ ጥያቄ፣ «እጁ አለ»፣ ሳቋ። ስርጉት የገዛ ሳቋን አንገቷን አዘንብላ ሰማችው። አለምነሽም ቀና አለች።

«በቃ። አጥፊው።»

አጠፋሁት። ቁጥሩ ከመስታወቱ ላይ ሲጠፋ አሳየኋት። የስምምነት ቅጹን አውጥቼ ሰጠኋት፤ የአውራ ጣቷን አሻራ አየችውና አራት አድርጋ ቀደደችው።

«የቀረ አለ?»

የለም ማለት እችል ነበር። የትናንቱ የሷ ቃል አይደለም፤ በደንቡ መሠረት የሷ አይደለም።

«አለ» አልኩ። ኮከብ ያለበትን ገጽ ከደብተሬ ገነጠልኩ።

«ምን ይላል?»

«ፈረደ ትናንት ያለው ነው። ባልየው ሳያውቅ ኖረ ሲባል … አያውቅም ያለው ማነው አለ።»

«በሰው ፊት?»

«በሁሉም ፊት። ማንም ልብ አላለውም።»

ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም። ኮከቡን በጣቷ ነካችው። ከዚያ እንደ መቅጃው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ይሄ የሱ ነው። እኔ ጋ ይቆይ» አለችና መሰላሉን ወጣች።

ለዶክተር ኤልሳቤጥ የምጽፈውን እያሰብኩ መሄድ ነበረብኝ። ግን ስርጉት ከላይ ሆና «ምን ትቆሚያለሽ፣ አፉን ያዢ» አለችኝ። የጆንያውን አፍ በሁለት እጄ ከፍቼ ያዝኩ። በሳፋ እየዛቀች ማሽላውን አወረደችልኝ። አመዱ አብሮ ወረደ፤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጆንያው ግማሽ ሲደርስ የምታቆም መስሎኝ ነበር።

«እቴ፣ ይሄን ያህል?» አለች አለምነሽ።

«ዝም ብለሽ መርፌውን አምጪ።»

ባየልኝ ተነሥቶ የፈሰሰውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ስርጉት ጆንያው እስኪሞላ ዛቀች። ስትወርድ ጉልበቷና ክንዷ በአመድ ነጥቶ ነበር። የቀረውን ማሽላ አልደለደለችውም፤ ክዳኑንም አልመለሰችም።

ልጅቷ የጆንያ መርፌውን ከነሲባጎው አመጣች። እኔ የጆንያውን ከንፈሮች አጋጥሜ ያዝኩ፣ ስርጉት ከጥግ ጀምራ ሰፋች። ስፌቱን አታራርቅም። ጫፉ ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ቋጥራ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ በሁለት በኩል አንሥተን፣ የልጆቹ መኪና እስኪመጣ፣ ከበሩ ጎን፣ ዝናብ የማይነካበት ቦታ፣ ግድግዳውን አስደገፍነው።